በልጅ እርምጃ፤ ሕፃናትን ይዞ ታሪካዊ ስፍራን ስለ መጎብኘት

(በወላይታ ሶዶ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ ቀላል መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ቅርስ ጥበቃ ሕግም ሆነ ስለ ቱሪዝም ገቢ አልናገርም። የምናገረው አንድ አባት ወይም አንዲት እናት የአምስትና የስምንት ዓመት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጥንታዊ ስፍራ ሲሄዱ ስለሚሆነው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ ይደክመዋል፣ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይመጣል። አስጐብኚው ዓመተ ምሕረት ይቆጥራል፤ ወላጅ «ዝም ብለህ ስማ» ይላል። ማታ ቤት ሲገባ ልጁ የሚያወራው መንገድ ላይ ስላየው ፍየል ነው። ፍየሉን ማስታወሱ ጥፋት አይመስለኝም። ጥፋቱ ከፍየሉ ጋር ሊወዳደር የሚችል ነገር በስፍራው ላይ አለማሳየታችን ነው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የተሠራው በአውሮፓ ጥንታዊ ከተሞች ስለሆነ አንድ ምሳሌ ከዚያ ልውሰድ። በእንግሊዝ አገር ዮርክ የምትባል ከተማ አለች፤ 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው አሮጌ ቅጥሯ ላይ ዛሬም ሰው ይመላለስበታል። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1981 በተካሄደ ቁፋሮ የቫይኪንጎች ሠፈር ተገኘ። በ1984 በዚያው ቦታ የተከፈተው የጆርቪክ ማዕከል ሠፈሩን ከነቤቱ፣ ከነገበያው፣ ከነሽታው ሳይቀር መልሶ አቋቋመው። አዎን፣ ከነሽታው። ቀንና ዓመት የሚረሳ ሕፃን አፍንጫው የነገረውን አይረሳም፤ የማዕከሉ ሠሪዎች ይህን ተረድተውታል።

እኛ ሽታ በፋብሪካ መሥራት አያስፈልገንም። የወላይታ ልጅ የእንሰት ፍቅፋቂ በጉድጓድ ሲብላላ እንዴት እንደሚሸት ያውቃል። ጋሪ የሚያንገጫግጭ የድንጋይ ንጣፍም አያስጨንቀንም፤ አንቀልባ አለን፤ ዳገት ላይ ከአንቀልባ የተሻለ የሕፃን ማጓጓዣ እስካሁን አላየሁም። የጎደለን ሌላ ነው። ጉብኝት ማለት የውጭ ሰው ካሜራ አንግቶ የሚያደርገው፣ ወይም ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ጊዜ አውቶቡስ ሞልቶ የሚያካሂደው ነገር ይመስለናል። በዚህ ምክንያት ዳሞታን በየማለዳው እያየ ያደገ ልጅ በተራራው ጎን ምን እንዳለ ሳያውቅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ይህን የምለው ከክፍሌ ተማሪዎች ተነሥቼ ነው።

በዳሞታ ደቡብ ምዕራብ ጎን የሞቼና ቦራጎ ዋሻ አለ። በመጀመሪያ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ከእ.ኤ.አ. 2006 ወዲህ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመራ ቡድን ቆፍረውታል። ከ50,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰዎች በዚያ እንደኖሩ፣ ከባልጩት ስለታም መሣሪያ እንደሠሩ ታውቋል። ተመራማሪዎቹን ከሳቧቸው ሐሳቦች አንዱ፣ ሌላው ምድር በድርቅና በቅዝቃዜ ሲጎዳ ዝናብ ያልተለየው ይህ ደጋ ለሰው ልጅ መጠጊያ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ነው። ይህ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚከብድ አይደለም፤ «ሌላው አገር ውኃ ሲያጣ ሰዎች ወደ እኛ ተራራ መጡ ይባላል» ማለት ይበቃል።

የሚከብደው 50,000 የሚለው ቁጥር ነው። እኔ የምጠቀምበትን ዘዴ ልንገራችሁ። አንድ የልጅ እርምጃ መቶ ዓመት ይሁን። ከቤታችሁ በር ጀምራችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። የካዎ ጦና ዘመን ከአንድ እርምጃ ጥቂት አለፍ ይላል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩበት ጊዜ አራት እርምጃ አይሞላም። ሞቼና ቦራጎ 500 እርምጃ ነው፤ የልጅ እርምጃ ግማሽ ሜትር ቢሆን 250 ሜትር ማለት ነው። ልጁ መንገድ ላይ ቆጠራው ቢጠፋበት እንኳ ደክሞት ስለሚደርስ ነገሩ ገብቶታል።

በዋሻው ዘንድ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ባልጩቱን ልጆች ይዩት እንጂ አያንሡት፤ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ለተመራማሪ ምንም አይናገርም። ሁለተኛው ስለ አንደበታችን ነው። በጋሞና በኮንሶ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የድንጋይ መፋቂያ በእንጨት እጀታ ላይ እየሰኩ ይሠሩ እንደነበር በጥናት ተመዝግቧል። የጥንቱን መፋቂያ «ድንቅ ጥበብ» ብለን ለልጃችን አሳይተን፣ ወደ ቤት ስንመለስ ፋቂን በንቀት ስም ብንጠራ ልጁ የሚማረው የቱን ነው?

ከዳሞታ ለሚርቅ ጉዞ ሰበብ አያስፈልግም። በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ቡታጅራን ካለፍን በኋላ በሁለት የዓለም ቅርሶች አጠገብ እንከንፋለን። በጥያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው፣ ብዙዎቹም ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል። ለልጅ «ሰይፉን ቁጠር» ማለት ብቻ ግማሽ ሰዓት ያቆየዋል። ወረድ ብሎ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ ነው፤ ስሙን ከባልጩት ካገኘው ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዚያ 700,000 ዓመት ያህል የሆነው የእግር አሻራ ተገኝቷል። ከአሻራዎቹ መካከል የትንንሽ ሕፃናት እግር አለ። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲቀርጹና ጉማሬ ሲበልቱ ልጆቹ እዚያው በጭቃው ላይ ይመላለሱ ነበር። በእኛ ቆጠራ 7,000 እርምጃ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ሕፃናትን ወደ ሥራ ቦታ ይዞ መሄድ ችግር እንደሆነ ስንሰማ የኖርን ሰዎች ይህን ጭቃ ማሰብ ይገባናል።

አዲስ አበባ ስትደርሱ ደግሞ በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ቁመቷ 1.1 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ አጠገቧ ሲቆም እኩያው መስላ ትታየዋለች። ከሙዚየሙ ሌላ ነገር ባታሳዩት ምንም አይደለም። በቀን አንድ ስፍራ፣ በአንድ ስፍራ አንድ ነገር፤ ውኃና ቆሎ በቦርሳ፤ ልጁ «በቃኝ» ከማለቱ ጥቂት ቀደም ብሎ መመለስ። አጆራ ፏፏቴ ለሚሄዱ ግን ምክሬ ሌላ ነው፤ አጃንቾና ሶኬ የሚወርዱበት ገደል ዳር ላይ ታሪክ አይነገርም፣ የልጅ እጅ ይያዛል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልምጣ። በካዎ አማዶ ስም የሚታወቀውን፣ ያለ ማያያዣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ የተሠራውን ካብ ለማየት ልጄን ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ላዩ ላይ መውጣት ፈለገች፤ ሊናድ እንደሚችል ነግሬ ከለከልኳት። ከዚያ «ለምን ተሠራ?» አለች። «ጠላት እንዳይገባ» አልኳት። «ከዚያስ፣ ገባ?»

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ወሬ ይለውጣል። ምክንያቱ ይገባኛል። በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር ወላይታን ወጋ፤ ካዎ ጦና ተዋጋ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ። ከጦሩ ጋር የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ያየውን እልቂትና የከብት ዝርፊያ ጽፏል። ዛሬ በሶዶ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚቀመጡት ልጆች ካቡን የጠበቁትም፣ ከጦሩ ጋር የመጡትም ልጆች ናቸው። ታሪኩን ብንደብቀው ልጁ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከሌላ ሰው፣ በቁጣ ተጨምቆ ይሰማዋል። ከአባቱ አፍ፣ በካቡ ሥር፣ በአጭር ቃል ቢሰማው እመርጣለሁ።

ስለዚህ ነገርኳት። «እኛ ከየትኞቹ ነን?» አለች። የእናቷ ወገን ወላይታ ነው፤ የእኔ ቅድመ አያት ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር። ሁለቱንም እንደሆነች ነገርኳት። ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ጥቂት ዝም አለችና «ድንጋዩን ሁሉ ማን ተሸከመው?» ብላ ጠየቀች። በቁፋሮም በመጽሐፍም ያገኘሁት ነገሥታቱን እንጂ ተሸካሚዎቹን አልነበረምና መልስ አጣሁ። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣች፤ አሥራ አንድ እርምጃ ሄዳ አስቀመጠችው፣ እጇን አራገፈች፣ ተመልሳም ሌላ ልታመጣ ሄደች።

አሁን ጥያቄ ያላችሁን እሰማለሁ።