ስለ ላፕቶፕ ቻርጀር አመራረጥ
በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ላፕቶፕ ብዙዎቻችን እህልና በግ ሸጠን ለልጆቻችን የገዛነው ዕቃ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ታዲያ ቻርጀሩ ሲበላሽ ደሴ ሄደን፣ ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ይበቃል ብለን እንገዛለን። ገባ ማለት ግን ተስማማ ማለት አይደለም። ስለሆነም ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ከመግዛታችን በፊት ከሶኬቱ እስከ ቻርጀሩ ያለውን ገመድ በሌላ ለውጠን እንሞክር። አንዳንዴ የተበላሸው እሱ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን ቻርጀር ሳንጥል ይዘን እንሂድ። ከጠፋም በላፕቶፑ ሆድ ላይ የተጻፈውን እንይ። ቻርጀሩ ላይ «አውትፑት» በሚለው በኩል ለምሳሌ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ቢል፣ ሲባዛ 65 ዋት ያህል ነው። ቮልቱ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ቢበልጥ ላፕቶፑን ሊያቃጥል ይችላል። አምፔሩ ግን እኩል ወይም በላይ ይሁን። ላፕቶፑ የሚስበው የሚፈልገውን ያህል ነውና ባለ 4.62 አምፔሩ አይጎዳውም፤ ከትልቅ ጋን ቢቀዳም ብርጭቆው የሚይዘው ያንኑ ነው። ባለ 2.31 አምፔሩ ግን ከአቅሙ በላይ ስለሚጫንበት ይግላል፣ ይበላሻልም።

ሦስተኛ፣ የጫፉ ውፍረትና የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ አቀማመጥ አንድ ይሁን። ብዙዎቹ የዴል ላፕቶፖች በጫፉ መካከል ባለችው ቀጭን መርፌ ቻርጀሩን ይለያሉ፤ ካላወቁት ባትሪውን ላይሞሉ ይችላሉ። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ ደግሞ ቮልቱን ከቻርጀሩ ጋር ራሱ ይስማማል፤ እዚያ ላይ የምናየው ዋቱን ነው። የስልክ ቻርጀር በአብዛኛው አይበቃውም።

አራተኛ፣ ዘመድ ከውጭ አገር የላከው ቻርጀር «ኢንፑት» በሚለው በኩል ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለኛ 220 ቮልት መብራት ይሆናል። የሚለወጠው የሶኬቱ ገመድ ብቻ ነው።

ምንም ያልተጻፈበትን ቻርጀር፣ ርካሽ ነው ብለን አንግዛ። መብራት ሲጠፋ እንንቀል፤ ሲመጣም ጥቂት ቆይተን እንሰካ።

ማንበብ የሚቸግረው ወላጅ ካለ፣ ልጁ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ ይስጠው። ነጋዴውንም «ይገጥማል ወይ?» ሳይሆን «ቮልቱ ስንት ነው? አምፔሩስ?» ብለን እንጠይቅ።