የመሐንዲሱ ድርሻና የሐኪሙ ብዕር
(በፍኖተ ሰላም ለተግባር ልምምድ ለመጡ የሕክምና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የውሃ መሐንዲስ ስለ አንቲባዮቲክ እንዲናገር መጋበዙ ጥቂቶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ግብዣውን የተቀበልኩት እኔ ራሴ የፈጸምኩት ስሕተት ስላለ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡሬ ገጠር አንድ ምንጭ ስናጎለብት ከቁፋሮ ሠራተኞቻችን አንዱ እግሩን በዶማ ቆሰለ። እኔም ከሻንጣዬ የቆየ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል አውጥቼ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩለት። ነገሩ በአገራችን የተለመደ ነውና የተቃወመኝ አልነበረም። በአምስተኛው ቀን እግሩ አብጦ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ያጠበችው ነርስ፣ «ጋሼ፣ ውሃ ልታወጡ መጥታችሁ ቁስሉን በውሃ አላጠባችሁትም?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ከሚገባው መጠን በታች የተወሰደ መድኃኒት ተሕዋስያኑ እንዲቋቋሙት ሊያደርግ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። መድኃኒቱ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ሲገድል የመቋቋም ባሕርይ ያላቸው ተርፈው ይራባሉ፤ ባሕርያቸውንም ለሌሎች ባክቴሪያዎች ያስተላልፋሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ ምክንያት በቀጥታ እንደ ሞቱ ተገምቷል።

ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጉንፋን በቫይረስ እንደሚመጣ፣ አንቲባዮቲክም እንደማይፈውሰው በፈተና ብትጠየቁ የምትስቱት አይመስለኝም። ነገር ግን ሦስት ሰዓት በእግሯ የተጓዘች እናት ልጇን አዝላ ስትመጣና «ባዶ እጄን አልመለስም» ስትል፣ የባክቴሪያ ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ በአቅራቢያ ሳይኖር፣ ቢኖርም ውጤቱ ሁለትና ሦስት ቀን ሲፈጅ፣ ብዕሩ ወደ አሞክሳሲሊን ማዘንበሉ አይቀርም። የተማራችሁት የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ሕመሙ የባክቴሪያ መሆኑን ራሳችሁን ጠይቁ። ልጁ የሳንባ ምች ካለበት መድኃኒቱ ሳይዘገይ ይሰጠው፤ መቆጠብ ማለት የሚያስፈልገውን መንፈግ አይደለም። ጉንፋን ብቻ ከሆነ ግን፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም መጥባት ካቃተው ወዲያው እንድትመልሰው ለእናቲቱ አስረድታችሁ ሸኟት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አንቲባዮቲኮችን በቅድሚያ የሚታዘዙ፣ በጥንቃቄ የሚታዘዙና ለመጨረሻ የሚጠበቁ ብሎ በሦስት መድቧቸዋል፤ ከመጀመሪያው ምድብ የሚበቃ ሳለ ወደ ሌላው አትለፉ። መጠኑንና ቀኑንም እሷ ራሷ መልሳ እስክትነግራችሁ ድረስ አስረዱ። በቤት የተረፈ መድኃኒት እንዳለም ጠይቁ፤ በርበሬ ሊሸጥ ቡሬ ገበያ የወጣ ገበሬ አራት ፍሬ ገዝቶ ሁለቱን ለጎረቤት እንደሚያካፍል አትዘንጉ።

የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻም ቀላል አይደለም። ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ያገኘ መንደር ተቅማጥ ይቀንስለታል፤ ሕመም ሲቀንስ መድኃኒት የመፈለጉ ነገር ይቀንሳል። የእጅ መታጠቢያ ውሃ የሌለው ጤና ጣቢያ ደግሞ መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያንን ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ያለ ውሃ ጤና ጣቢያ ሠርተን «ተመርቋል» ብንል የእናንተን ድካም ከንቱ እናደርጋለን።

የሠራተኛችን እግር ድኗል፤ ምንጩም ዛሬ መንደሩን ያጠጣል። ከዚያ ወዲህ በሥራ ቦታችን የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ውስጥ ሳሙና እንጂ ካፕሱል አይገባም።