ከዕቁብ ያነሰ ዕጣ

(የመካነ ሰላምና የአካባቢው ተወላጆች አዲስ አበባ ላይ በተሰበሰቡበት የተደረገ ንግግር)

ወገኖቼ፣ የቤት ነገር ሲነሳ የማይነካው ማን አለ? ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ቦታ ሰጪም ነሺም መንግሥት ነው።

በ1997 ኮንዶሚኒየም ተባለ፤ ተመዘገብን። በ2005 ደግሞ ለ20/80 ባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር ቆጥቡ አሉን፤ ከልጆቻችን ጉሮሮ ነጥቀን ቆጠብን። ሐምሌ 2014 የ25 ሺህ 791 ቤቶች ዕጣ ወጣ ተብሎ እልል ተባለ። ቀናት ሳይቆይ «መረጃው ተነካክቷል፣ ዕጣው ተሰርዟል» ሆነ! ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። በመጀመሪያው እልል ያሉትስ? እንጃ፣ ማን ጠይቋቸው።

አገር ቤትም ያው ነው። እህቴ መካነ ሰላም መምህርት ናት። የቤት ሥራ ማኅበር ገባች፤ በዝግ ሂሳብ አስቀምጡ ተባሉ፣ አስቀመጡ። ቦታው ሦስት ዓመት ቆየ። ስታስገባ ጣሪያ ድረስ ያደርስ የነበረው ብር፣ ቦታው ሲሰጣት ከደሴ በአቀስታ በኩል ለሚመጣው ሲሚንቶና ቆርቆሮ እንኳ አልበቃም። ባሕር ዛፉም ተወዷል። (ያልተወደደው ጭቃው ብቻ ነው!)

ታዲያ ማን ማንን ነው የረዳው? ብሩን ያስቀመጥነው እኛ፣ የጠበቅነውም እኛ። የዕቁብ ሰው እንኳ ቢዘገይ መጨረሻው ዙር ላይ ይደርሰኛል ብሎ ይተኛል።

ነጻ ቤት ስጡን አላልንም። ብሩን ስትቀበሉን ቦታው የሚሰጥበትን ቀን በጽሑፍ ስጡን፤ ቀኑ ካለፈ ከነወለዱ መልሱልን ነው የምንለው። አቤቱታው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ሳትፈርሙ አትውጡ።