አሮጌው ስልካችን ይዞት የሚሄደው

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ስለሚለወጠው አሮጌ ስልክ ነው። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል አገልግሎት በአገራችን ሲጀመር ስልክ በእጁ የያዘ ሰው በሰፈሩ ጣት የሚቀሰርበት ነበር። ዛሬ አባት የራሱ፣ እናት የራሷ፣ ከፍ ያሉ ልጆችም የየራሳቸው አላቸው። አዲስ በተገዛ ቁጥር አሮጌው ለታናሽ ይወርዳል፣ ወይም ገጠር ላለ ዘመድ ይላካል፣ አለዚያም ይሸጣል። እኛ የምናተኩረው በሚሸጠው ላይ ነው። ስልክ ከቤታችን ሲወጣ ብቻውን አይወጣምና። እኛ ያልተናገርነውን ጉድለቱንና እኛ ያላጠፋነውን የቤታችንን ገመና ይዞ ይወጣል።

ጉዳዩን ያነሳነው ከሌላ ሰው ሰምተን አይደለም፤ በእኛው ቤት የደረሰ ነው።

ባለፈው ዓመት ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ለቤት ወጪ እንዲሆነን ብለን ሦስት ዓመት የተገለገልንበትን ስልክ ለመሸጥ አሰብን። ጎረቤታችን አንድ ተማሪ ልጅ ይዞልን መጣ። ስልኩ አንድ ሕመም ነበረበት። የቻርጀሩን ገመድ ወደ ግራ አዘንብሎ ካልያዙት ቻርጅ አያደርግም። እኛ ይህን እናውቃለን። ልጁ በሚመጣበት ቀን ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልተን ጠበቅነው። ዋሽተናል? በአፋችን አልዋሸንም፤ እርሱ አልጠየቀም፣ እኛም አልተናገርንም። «በደንብ አይተህ ግዛ» አልነው። ልጁም ስክሪኑን በመዳፉ ዳበሰ፣ ካሜራውን ከፈተ፣ ለጓደኛው ደወለና ገንዘቡን ቆጥሮ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ከመግሪብ በኋላ በር ተንኳኳ። ልጁ ነበር። የቻርጁን ነገር ሊወቅሰን የመጣ መስሎን ልባችን ደነገጠ። እርሱ ግን ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አወጣና «ጋሼ፣ ይቺ ሚሞሪ ስልኩ ውስጥ ቀርታ ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ እንዳየሁ ዘግቼ አወጣኋት። ወላሂ ሌላውን አላየሁም» አለን። በሚሞሪዋ ውስጥ የነበረው የልጃችን የሒና ምሽት ነው። እናቶችና እህቶች በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው መካከል፣ ሒጃባቸውን አውልቀው የተነሷቸው ፎቶዎች ናቸው። ከመቶ በላይ ይሆናሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ዝም አለ። ልጁን ወደ ቤት አስገብተን ሻይ አቀረብንለትና እንደምንም «ስልኩስ እንዴት ነው?» አልነው። ፈገግ ብሎ «አልሐምዱሊላህ፣ ገመዱን ወደ ግራ ማዘንበል ለምጃለሁ» አለ።

ውድ አድማጮቻችን፣ እኛ የእርሱን ሐቅ ደብቀን ሸጠንለታል፣ እርሱ የእኛን አማና ጠብቆ መልሶልናል። ያን ምሽት እንቅልፍ ያጣነው በፎቶው ብቻ አልነበረም።

እስቲ አስቀድመን ስለ ገመናው እናንሳ። ብዙዎቻችን ፎቶ «አጠፋሁ» ስንል በእርግጥ የጠፋ ይመስለናል። አሠራሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ፋይሎችን የሚያገኘው እንደ መጽሐፍ ማውጫ ባለ ዝርዝር ነው። አንድ ፎቶ እንዲጠፋ ስናዝዘው በአብዛኛው የሚሠርዘው ከማውጫው ላይ ያለችውን አንዲት መስመር ነው፤ ገጹ ራሱ በሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ሊቆይ ይችላል። እነዚህን ገጾች ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ደግሞ በነጻ ይገኛል፤ ለመጠቀምም ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በተለይ ሚሞሪ ካርድ በዚህ በኩል ክፉ ነው። ፎቶውን ብናጠፋም፣ ፎርማት ብናደርገውም፣ ውስጡ የነበረውን መልሶ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 አቫስት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ያገለገሉ 20 የአንድሮይድ ስልኮችን ኢቤይ ከተባለው የኢንተርኔት ገበያ ገዝቶ ነበር። ሻጮቹ አጽድተን ሸጥን ያሉ ሰዎች ናቸው። ኩባንያው ከእነዚያ ስልኮች ውስጥ ከ40,000 በላይ ፎቶ አወጣ። ከ1,500 በላይ የሚሆኑት የልጆች የቤተሰብ ፎቶዎች ሲሆኑ ከ750 የሚበልጡት ደግሞ ሴቶች ተገቢ ልብስ ሳይለብሱ የተነሷቸው ነበሩ። ያስተውሉ፣ ሃያ ስልክ ብቻ ነው። ከመርካቶ አንድ ሱቅ መስታወት ሥር የሚደረደረው ከዚያ ይበልጣል።

በእርግጥ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ከአንድሮይድ 10 ጋር ከ2019 ጀምሮ የወጡት አዳዲስ ስልኮች ውስጣቸው ያለውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው እንዲያስቀምጡ ይገደዳሉ፤ አይፎንም ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ይህንኑ ያደርጋል። እነዚህ ስልኮች ፋክተሪ ሪሴት ሲደረጉ የምስጢር ቁልፉ ይጠፋል። ያኔ ፎቶው ቢኖር እንኳ ቁልፉ ዓባይ ውስጥ እንደተጣለ ሣጥን ነው። ለአሮጌዎቹና ስማቸውን ብቻ ለተዋሱት ፌክ ስልኮች ግን ይህን ዋስትና መስጠት አንችልም። እንዲህ ያለ ስልክ በእጁ ያለ ሰው ሪሴት ካደረገው በኋላ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ቦታው እስኪሞላ ድረስ የኮርኒሱን ቪዲዮ ይቅረጽበት፤ ከዚያ ድጋሚ ሪሴት ያድርገው። ያሳቃል፣ ግን ይሠራል። በድሮው ገጽ ላይ የኮርኒሱ ምስል ይጻፍበታልና።

ሚሞሪ ካርድን በተመለከተ የእኛ አቋም አንድ ነው። አይሸጥም፣ አይመረቅም። ሲም ካርዱም ከሁሉ በፊት ይወጣል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጥቶ የቤታችን ገንዘብ ከዚያ ቁጥር ጋር ተሳስሯል። ሪሴት ከመደረጉ በፊት ደግሞ የጉግል ወይም የአፕል አካውንቱ ከስልኩ ላይ ይነሳ። ይህ ለእኛ ሳይሆን ለገዢው ነው። አካውንቱ ሳይነሳ በሌላ መንገድ የጸዳ ስልክ ተመልሶ ሲከፈት የቀድሞውን ባለቤት ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ለሌባ ተብሎ የተሠራው መቆለፊያ ምስኪኑን ገዢ ያስቀረዋል። ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ለዘመድ ብለው ይዘው ከሚመጡት ስልክ መካከል በዚህ ምክንያት ተቆልፎ የቀረ አለ። አካውንቱን እዚያ ሌላ ሰው ከፍቶላት ከሆነ እርሷም አታውቀውም፣ የከፈተላትን ሰው ደግሞ ከየት ታገኘዋለች?

ገመናችን የሚወጣው ስንሸጥ ብቻ አይደለም፤ ስናስጠግንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሆንግ ኮንግ አንድ ታዋቂ የፊልም ተዋናይ ኮምፒውተሩን ለጥገና ሰጥቶ የግል ፎቶዎቹ ተገልብጠው በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሱ። ፎቶዎቹን የወሰደው ቴክኒሻን በ2009 ተፈርዶበት ታስሯል። ፎቶው ላይ የነበሩት ሴቶች ግን ፍርዱ ምንም አልመለሰላቸውም። ይህ የተዋናዮች ጣጣ ነው እንዳንል፣ በ2022 በካናዳ የሚገኘው የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድምፁ እምቢ ያለ ላፕቶፕ አስመስለው ለ16 የጥገና ቤቶች ሰጥተው ነበር። ብልሽቱ ፎቶ መክፈት ቀርቶ ፋይል መንካት የማያስፈልገው ቀላል ነገር ነው። በስድስቱ ቤቶች ሠራተኞቹ የባለቤቱን የግል ፋይሎች ከፍተው አይተዋል፤ በሁለቱ ደግሞ ገልብጠው ወስደዋል። የሴት ባለቤት ኮምፒውተር ሲሆን ነገሩ ይብስ ነበር።

ይህን ስንል ጠጋኞቻችንን ሁሉ ማማታችን አይደለም። በትንሽ ኪዮስክ ውስጥ በአጉሊ መነጽር ዓይናቸውን እያሟሟ ሐላል የሚበሉ ብዙ ወንድሞች አሉ፤ እኛም ደንበኞቻቸው ነን። ሆኖም ሐቀኛውን ጠጋኝ ከሐሜትም ከፈተናም የምናድነው እኛው ነን። ስክሪን ለመቀየር፣ ባትሪ ለመለወጥ ፓተርን መስጠት ለምን ያስፈልጋል? ታቹ መሥራቱን ለማየት ቢፈልግ ባለቤቱ በፊቱ ሆኖ ይክፈትለት። ከ2022 ወዲህ ሳምሰንግ ባወጣቸው በርካታ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ሜይንተናንስ ሞድ የሚባል አለ፤ እርሱ ሲበራ ስልኩ እየሠራ የባለቤቱ ፎቶና መልእክት ግን ይሸሸጋል። እስቲ ያለንን ስልክ ከፍተን እንፈልገው። አባቶች ሆይ፣ ከሁሉ በላይ ግን የልጃችንንና የባለቤታችንን ስልክ ይዘን ወደ ጠጋኝ ስንሄድ እነርሱን ሳንጠይቅ አንሂድ። ፎቶው የእነርሱ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንመለስ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ከአንድ የእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ነጋዴው ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል፤ ከዚያ ቀጥለው የተናገሩት ከባድ ቃልም ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ልብ በሉ፣ ዝናቡን ያመጣው ነጋዴው አይደለም። እህሉ መርጠቡ ጥፋት ተብሎ አልተቆጠረበትም። የተወቀሰው ደረቁን ከላይ ስላደረገ ነው። እኛም ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልተን ልጁን መጠበቃችን ደረቁን ከላይ ማድረግ ነበር።

«አይተህ ግዛ» የሚለው አባባል ለበግ ገበያ ይሆን ይሆናል። የበግ ጥርሱ ይታያል፣ ላቱ ይጨበጣል። የስልክ ባትሪ ግን ምን ያህል እንደደከመ በዓይን አይታይም፤ ውኃ የገባው ቦርድ ሦስት ሳምንት ሠርቶ በአራተኛው ይሞታል። የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝምታው ከውሸት የሚለየው በምንድን ነው?

በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ እናያለን። ይህችን ወረቀት ለጥፎ ኅሊናውን ያሳረፈ ነጋዴ ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ወረቀቷ የምትሸፍነው ግድግዳውን ብቻ ነው እንላለን። አገሪቱም ቢሆን በ2006 ዓ.ም. ባወጣችው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ለገዛ ሸማች፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥታለች። ለዚህ ደግሞ ደረሰኝ ያስፈልጋል። «ደረሰኝ ከፈለግህ ዋጋው ይጨምራል» ሲባል እሺ ብለን ሳንቀበል የምንወጣው እኛው ነን።

ከግለሰብ የሚገዛም ቢሆን ጥቂት ነገር ሳያይ ገንዘብ አያውጣ። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ቢጻፍ ስልኩ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥሩን ያሳያል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው ማለት ነው፣ ምናልባትም ስልኩ የሌላ ሰው። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ይነግራል። ጀርባው ያበጠ ስልክ ያበጠው ባትሪው ነውና በርካሽም ቢሆን ወደ ቤት አይግባ፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቻርጀር ደግሞ ተሰክቶ ይታይ። እኛ እንዳደረግነው ያደረገ ሌላም ሰው አይጠፋምና። በመጨረሻ የሁለቱ ስም፣ ቀኑና ያ መለያ ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር።

ስለ ልጁ ሳንነግራችሁ አንለይ። በማግስቱ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሄደን የዚያን ስልክ የቻርጅ መሰኪያ መቀየር ስንት እንደሚያወጣ ጠየቅን። ገንዘቡን ይዘን በጎረቤታችን በኩል ልጁን አስጠራነው። አልቀበልም አለ፤ «ጋሼ፣ እኔ ሚሞሪዋን የመለስኩት ለገንዘብ ብዬ መሰላችሁ?» ብሎ ፊቱ ተለወጠ። የሚሞሪዋ ዋጋ እንዳልሆነ፣ ከመጀመሪያውም የእርሱ ገንዘብ እኛ ዘንድ ቀርቶ እንደነበር አስረዳነው። ብዙ ቆይቶ ተቀበለን። ሚሞሪዋን ባለቤታችን ዕለቱን በመቀስ ለሁለት ቆርጣታለች።

ከሳምንት በኋላ ለተራዊሕ ስንወጣ መስጊድ በር ላይ አገኘነው። ስልኩ ተሠርቶለታል። «ጠጋኙ ፓስወርድህን ስጠኝ አለኝ፤ ለቻርጅ ቀዳዳ ፓስወርድ ምን ያደርግልሃል አልኩት» አለን እየሳቀ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።