«ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ነይ»
(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የመጣሁት ሌክቸር ልሰጣችሁ አይደለም፤ እሱን ከመምህራኖቻችሁ በየቀኑ ታገኛላችሁ። እኔ አንድ ጉዞዬን ላጫውታችሁ ነው።

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ምሽት ዶርም ውስጥ ለፈተና እያነበብኩ ስልኬ ጠራ። አክስቴ ናት፤ ከደሴ። «አባትሽን ትንሽ አሞታል፤ ቶሎ ነይ» አለችኝ። «ምን ያህል ነው ያመመው?» ስላት «ኧረ ደህና ነው፤ ብቻ ነገ ተነሺ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መቼም የአገራችንን ወግ ታውቃላችሁ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ። ስለዚህ ሩቅ ያለ ልጅ የሚጠራው «ትንሽ አሞታል» እየተባለ ነው። አንዳንዴ እውነትም ታሞ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ተቀብሮ ነው። የኔ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ሌሊቱ ነጋ።

ከሐዋሳ ደሴ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን። በመጀመሪያው ቀን ሻሸመኔን፣ ዝዋይን፣ መቂንና ሞጆን አለፍን። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የተጫኑ መኪኖች ትዝ ይሉኛል፤ ሌላውን ዓይኔ አይቶት ይሆናል፣ ልቤ ግን አላየውም። አዲስ አበባ አድሬ በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከላምበረት መናኸሪያ በደሴ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አጠገቤ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንድ እናት ተቀመጡ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ መስኮቱን በጉም ሸፈነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን የጣርማበር ዋሻ ስናልፍ አውቶቡሱ ውስጥ ጨለመ፤ ያኔ ነው እንባዬን ለቀቅ ያደረግሁት። ከዋሻው ስንወጣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ የእናንተ እኩዮች የሆኑ ልጆች «ቆሎ! ቆሎ!» እያሉ መስኮቱን ከበቡት። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ቆላ ነው፤ ጠዋት ጋቢ ደርቦ የገባው ሁሉ በሸሚዝ ቀረ።

ለምሳ ስንወርድ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። እኚያ እናት ዳቦ ይዘው ተመለሱና «ምነው ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም። ምን ሆነሻል?» አሉኝ። በቃ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «አብሽሪ ልጄ። የከፋ ነገር ቢሆን ሰው ልከው ያስመጡሽ ነበር እንጂ ብቻሽን አይለቁሽም። ደግሞ ምንም ይሁን ምን ብቻሽን አትገቢም፤ እኔ አደርስሻለሁ» አሉኝ። ዳቦዋን ቆርሰው ሰጡኝ፤ በላሁ።

አጣዬን፣ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት ወጣን። ዛሬ ያን መንገድ ሳስታውስ ያንገበግበኛል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ውስጥ ብዙ ቤት ተቃጠለ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻና ደሴ ገባ። ያን ቀን ደህና ሆነው ሳያቸው ምነው ደህና አድርጌ ባየኋቸው ኖሮ እላለሁ።

ደሴ ስንደርስ እማማ ቃላቸውን አላጠፉም። እስከ ሰፈራችን መታጠፊያ አብረውኝ መጡ። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ የዕድሩን ድንኳን። ስንታጠፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ግለጪው፣ ድንኳን የለም» አሉኝ። ጉንጬን ስመውኝ ተመለሱ። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውስ ምን ይዘው፣ ወዴት እንደሚሄዱ እንኳን አልጠየቅሁም።

አባቴ በሕይወት ነበር። ነገር ግን ኩላሊቱን መታመም ከጀመረ ሁለት ወር አልፎት ነበር። «ፈተናዋ እንዳይበላሽ፣ እንዳትነግሯት» ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ አስምሎ ነበር። በየሳምንቱ ስንደዋወል «ደህና ነኝ፤ አንቺ ብቻ ትምህርትሽን» ይለኝ ነበር። ድምፁ መድከሙን እሰማ ነበር፤ እኔም ግን «እርግጠኛ ነህ አባዬ?» ብዬ ደግሜ አልጠየቅሁትም። ከደረስኩ በኋላ ዘጠኝ ቀን አብረን ቆየን። ብዙ አወራን፤ ሳቅንም። በአሥረኛው ቀን አረፈ።

አባቴን አልወቅስም፤ ከፍቅር ያደረገው ነው። ወጋችንንም አላቃልልም፤ መርዶን ለብቻ እንዳንሰማ የሚጠብቀን እሱ ነው። ነገር ግን የሞትን ወሬ ለማቆየት የተበጀው ዘዴ የሕመምን ወሬ ለመደበቅ ሲውል በሕይወት ያለውን ሰው ይነጥቀናል። ፈተናውንማ በኋላ ተፈተንኩት። ሁለቱን ወር ግን ማን ይመልስልኛል?

ዛሬ በሥራዬ ብዙ ወጣቶች አገኛለሁ። ወላጅ ለልጁ ብሎ ይደብቃል፤ ልጅም ለወላጁ ብሎ ይደብቃል። በየክበቡና በየሚኒ ሚዲያው «ግልጽ ውይይት» እንላለን አይደል? ግልጽ ውይይት የሚጀምረው ከመድረክ ላይ አይደለም፤ «ደህና ነኝ» ያላችሁን ሰው ደግማችሁ ስትጠይቁት ነው። እናንተም የከበዳችሁ ነገር ካለ ለምታምኑት ለአንድ ሰው እንኳን ንገሩ።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ ወይም የሚያሳድጋችሁን ሰው «እንዴት ዋልክ? እንዴት ዋልሽ?» በሉ። «ደህና» ሲሏችሁ አትነሱ። ትንሽ ተቀመጡና እንደገና ጠይቁ።