ከዋጋው በፊት

ዛሬ እሁድ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጥቅምት ገብቷል፣ እሸቱም ደርሷል። በየሰፈሩ የእሁድ ገበያው ደምቋል። የባቄላ እሸት ከነአገዳው፣ በእስር በእስር ሆኖ ቀርቧል።

ገበያ ስትወጡ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ያዘገዩናል አትበሉ። ያዘግዩን! ልጅ እሸቱን በገዛ እጁ ይፈልፍል። ውስጡ እንደ ጥጥ ነው፤ ፍሬው እዚያ ተደርድሮ ተኝቷል። ይህን ከሱቅ በተገዛ ክክ ውስጥ አያገኘውም።

ታዲያ ሻጯ ፊት ስትቆሙ፣ ከዋጋው በፊት ሰላምታው ይቅደም። «እናቴ፣ እንደምን አደሩ? ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነበር?» በሉ። ልጆቹ ይስሙ። «ስንት ነው?» የሚለው ቀጥሎ ይመጣል።

በዋጋ መከራከር ነውር አይደለም። እኔም እከራከራለሁ፤ ኑሮው ያስገድዳል። ግን እስሩን አንስቶ፣ ወርውሮ፣ ፊት አዙሮ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ልጅ ያየዋል። ልጅ ይይዘዋል። ሰላምታውንም እንዲሁ ያየዋል፣ እንዲሁ ይይዘዋል።

ባቄላው የተዘራው በሰኔ ነው። ያን ሁሉ ጭቃ፣ ያን ሁሉ ብርድ፣ ያን ሁሉ አረም አልፎ ነው እዚህ የደረሰው። ያበቀሉት ምናልባት ከፊታችሁ የቆሙት እናት ናቸው። ልጆቻችሁ ስማቸውን ይጠይቋቸው፣ የራሳቸውንም ይንገሯቸው። መቼ ዘሩት? የት ነው አገርዎ? ማን አረመው? ገበሬ ስለ ማሳው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

እሸት ወረቱ አጭር ነው። ጥቂት ሳምንት ነው፣ ከዚያ ይደርቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ገበያው ሳይበተን ውጡ።