ስለ አንድ አሮጌ ታብሌት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም የተነገረ ንግግር)



 የምንናገረው ስለ አንድ አሮጌ ታብሌት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሆኖም ዘንድሮ እንቅልፍ ያሳጣን እርሱ ስለ ሆነ ሌላ ርእስ መምረጥ አልቻልንም።

አስቀድመን በሀገራችን የሆነውን እናስታውስ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶች ሰጠ፤ በየመንደሩም 20 ያህል ነበሩ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. እንደ ተናገሩት፥ ሣጥኖቹ እንደ ታሸጉ ነበር የተሰጡት፤ አስተማሪም አልነበረም፤ ኀይሉ ከፀሐይ ነበር። ሕፃናቱም በ5 ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ይህን ባነበብን ጊዜ፥ ሕፃን ይህን ካደረገ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ምን ይሳነናል አልን። ይህ አነጋገራችን ኋላ አሳፍሮናል።

ደብረ ኤልያስ፥ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩባት፥ የቅኔ አገር መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚሁ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ያመጣላቸው የዚያው ዐይነት ታብሌት ነበራቸው። ሰምና ወርቁን ሲያስረዱ፥ ተማሪዎቻቸውም ሲዘርፉ ድምፁን ይቀርጹበት ነበር። እየዘገየ ስላስቸገራቸው «ልጆቼ፥ እስቲ እዩልኝ» ብለው ሰጡን። እኛም ፈርምዌሩን ለመለወጥ ቈረጥን።

ፈርምዌር ማለት ፋብሪካው በመሣሪያው ውስጥ አስቀድሞ የሚያኖረው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው፤ መሣሪያው ኀይል ባገኘ ጊዜ መጀመሪያ ምን እንደሚያነብ፥ ስክሪኑንም እንዴት እንደሚያበራ የሚያዝዘው እርሱ ነው። በዙም ላይ በአራት ክፍል ይጫናል፤ ይኸውም ቡት የተባለው ማስነሻ፥ ሲስተም የተባለው ዋናው ሥርዐት፥ ሪከቨሪ የተባለው ማገገሚያና የባለቤቱ ንብረት የሚቀመጥበት ክፍል ነው። በበሩ ላይ ደግሞ ቡትሎደር የሚባል ዘበኛ ቆሟል፤ እርሱ ካልተከፈተ ባዕድ ፕሮግራም አያስገባም።

ታብሌቱን ከኮምፒዩተር ጋራ በገመድ አገናኝተን ዘበኛው እንዲከፈት አዘዝን። በስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ይናገራል። አንዳንዶቻችን ከሕፃንነታችን ጀምሮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለ ተማርን፥ አልገባንም ማለት አንችልም። አነበብነው፤ ቍልፉንም ተጫንን። የኔታን አልጠየቅናቸውም፤ ድምፁንም አስቀድመን አልገለበጥነውም።

ጥፋታችን በዚህ አላበቃም። የየኔታ ታብሌት ሲም ካርድ የሌለው ኤምዜድ 604 ሲሆን፥ እኛ ግን ሲም ለሚቀበለው ለኤምዜድ 601 የተዘጋጀውን ጫንንበት። ከዚያ ወዲያ ታብሌቱ ምልክቱን ያሳያል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ያሳያል።

መልሶ ማዳኑ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ለ604 ፋብሪካው ያወጣውን ፕሮግራም ፈልገን በሌሊት አወረድን፤ ፋይሉም በመንገድ አለመጉደሉን በኤምዲ5 ቍጥሩ አመሳከርን። ዙም እንደ ስልክ በኮምፒዩተር ገመድ አይሞላም፤ ቀጭን ጫፍ ያለው የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል። መብራትም ስለሚጠፋ ታብሌቱም ላፕቶፑም እስኪሞሉ ጠበቅን። ከዚያም ታብሌቱን አብርተን፥ ምልክቱ ከታየ ከ3 ሴኮንድ ያህል በኋላ የድምፅ መቀነሻውን እየተጫንን ፋስትቡት ወደሚለው ምርጫ ደረስን፤ በድምፅ መጨመሪያውም ገባን። አራቱን ክፍሎች አንድ በአንድ ጫንን። ዘበኛው ራሱ እስካልተበላሸ ድረስ ይህ ሥራ ቢሳሳቱበትም ሊደገም ይችላል፤ እኛንም ያዳነን ይህ ነው። ዘበኛውን መልሶ መዝጋት ግን የሚገባው ሁሉም የፋብሪካው መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው፤ ባዕድ ፕሮግራም ሳለበት ቢዘጋ መሣሪያው አልነሣም ይላል። እኛ ፈርተን ሳንዘጋው ተውነው።

ታብሌቱ እንደ ተገዛበት ቀን ንጹሕ ሆኖ ተነሣ። ንጹሕ ማለት ግን ባዶ ማለት ነው።

ወደ የኔታ ሄደን ጥፋታችንን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የእኔ ማስረዳት ግድ የለም፤ ትናንት ያልሁትን ዛሬም እላለሁ። ቅኔም ቢሆን በየቀኑ አዲስ ይቈጠራል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ያረፈው ተማሪዬ የዘረፈው ከዚያ ውስጥ ነበረ» አሉን። ይቅርታ ስንለምናቸው «ተነሡ፤ ቅዳሜ ይዛችሁት ኑ» አሉን እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እንሄዳለን። የተቀረጸውን በዚያው ምሽት ወደ ክበባችን ኮምፒዩተርና ወደ አንድ ፍላሽ እንገለብጣለን፤ እስከ ዛሬ 11 ሆኗል። የሟቹን ቅኔ አብሮት ይማር የነበረ አንድ ጓደኛው በቃሉ ይዞታል ይባላል፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ብቸና ሄዷል። ከብቸና ወገን ከመጣችሁት እንግዶቻችን መካከል የሚያውቀው ቢኖር፥ ከበዓሉ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንጠብቃለን።